ሲከፈት በሞንታርቦ፣ ሲዘጋ በዝምታ

ባለፈው እሑድ የሰፈራችን ዋና መንገድ ተመረቀ። ከፒያሳ ቁልቁል የሚወርደውና ሰፈሩን ለሁለት የሚከፍለው ይህ መንገድ ከታኅሣሥ ጀምሮ ዘጠኝ ወር ተዘግቶ ከርሟል። ተቆፈረ፤ የፍሳሽ ቱቦ ተቀበረበት፤ ተደፈነ፤ ቱቦው ልኩ አይደለም ተብሎ እንደገና ተቆፈረ፤ ክረምቱን ጭቃ ሆኖ አሳለፈና በመስከረም ኮብልስቶን ለብሶ ተለቀቀ።

ደስታው እንደ ጎንደር ወግ ነበር። የእድራችን ድንኳን መንገዱ መሃል ተተከለ። ድፎ ዳቦ ከየቤቱ መጣ፤ ጠላው በእንስራ ተደረደረ። አንድ አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ የኮሚቴውን አባላት አንድ በአንድ እያነሣ አወደሰ፤ ቱቦውን ሁለት ጊዜ ስለቀበሩት ሰዎችም አንድ ስንኝ ጣል አድርጎ ሕዝቡን በሳቅ ገደለው። አባቶች ቆመው "የሠርግ እንጂ የለቅሶ መንገድ አያድርገው" ብለው መረቁ፤ አሜን አልን። ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ መጀመሪያ ያለፈው ባጃጅ ጥሩምባውን ሳያቋርጥ እያንባረቀ እስከ ታች ወረደ፤ ሕፃናት ከኋላው ሮጡ።

ድግሱን ልነቅፍ አይደለም የተነሣሁት። በልቻለሁ፤ ከጠላውም ደግሜያለሁ። ዘጠኝ ወር ሳንቃ ላይ እየተንገዳገደ ሲሻገር የከረመ ሰው ቀጥ ብሎ መሄድ ሲችል ቢጨፍር ምን ይፈረድበታል? የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው።

ከምረቃው ሦስት ቀን ቀደም ብሎ አንድ ባጃጅ ሞንታርቦ ጭኖ ሰፈሩን ሲያዳርስ ነበር። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ጠዋትም ማታም ይናገራል። ውስጥ ለውስጥ ባለው ቅያስ ሁሉ ገብቷል፤ እኔ ቤት በር ላይ እንኳ ሁለት ጊዜ ቆሟል። እሑድ ዕለት ከድንኳኑ ወጣ ብዬ ጀበና ቡና ከምትሸጠው ጎረቤታችን ዘንድ ተቀምጬ ይህንኑ አሠራር ሳደንቅ፣ ቡናውን እየቀዳችልኝ፣ "አየህ ወንድሜ፣ ሲከፍቱት ሦስት ቀን ሙሉ ነገሩን። ሲዘጉት ግን ያወቅሁት ደጃፌ ላይ ጉድጓድ ሳይ ነው" አለችኝ። ስኒውን አቀበለችኝና ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረች። እሷ በእነዚያ ዘጠኝ ወራት በርጩማዎቿንና ረከቦቷን ይዛ ሦስት ቦታ ተሰዳለች።

እውነቷን ነው። መንገዱ የተዘጋበትን ጠዋት አልረሳውም። አብዛኞቻችን ከእንቅልፍ የነቃነው ኤክስካቫተሩ ሲያጓራ ነው። መኪናውን ግቢው ውስጥ ያሳደረ ጎረቤታችን በሩን ሲከፍት የሰው ቁመት የሚያህል ቦይ ጠበቀው። መኪናዋ ከዚያ ግቢ እስክትወጣ ድረስ ስድስት ሳምንት የዶሮዎች ማደሪያ ሆና ከረመች። እሱ ዛሬ እየሳቀ ነው የሚያወራው፤ ያን ጊዜ ግን አልሳቀም።

ከሁሉ የሚቆጨኝ የወፍጮ ቤቱ ነገር ነው። ወፍጮ ያለ መንገድ አይኖርም። ኩንታል ጤፍ ተሸክሞ በሳንቃ የሚሻገር የለማ! መጀመሪያ በጋሪ ይመጡ የነበሩት ቀሩ፤ ቀጥሎ በባጃጅ የሚያመጡት። በመጨረሻ የቀሩት ሽሯቸውንና በርበሬያቸውን በዘንቢል ይዘው ብቅ የሚሉ የቅርብ ጎረቤቶች ብቻ ነበሩ። ባለወፍጮው ሁለቱን ሠራተኞቹን አሰናበተ። "ዘጠኝ ወር መሆኑን ባውቅ ኖሮ ታች ሰፈር ቤት ተከራይቼ ወፍጮዬን አዛውር ነበር" ይላል። አንድ ወር ነው የሚል ወሬ ሰማና አንድ ወር ጠበቀ፤ ለፋሲካ ይደርሳል ሲባል ፋሲካን ጠበቀ። የቤት ኪራዩ በየወሩ ተከፈለ። ሐምሌ ሲመጣ የተጠየቀው ግብር መንገዱ ክፍት እንደነበረበት ዓመት ነው። አሁን መንገዱ ተከፍቷል፤ ደንበኛው ግን ሌላ ወፍጮ ለምዷል። ከበሮ ሲመታ በሩ ላይ ቆሞ እያጨበጨበ አይቼዋለሁ፤ ለሰፈሩ ብሎ እንጂ ለራሱማ የሚያጨበጭብበት አልነበረም።

በምረቃው የተነበበው የምስጋና ዝርዝር ረጅም ነበር። ነዋሪውም "ላሳየው ትዕግሥት" ተመሰገነ። ይህን ቃል በየምረቃው እንሰማዋለን። ምርጫ የነበረውና የቆየ ሰው ታገሠ ይባላል፤ ደጃፉ በአንድ ሌሊት የተቆፈረበት ሰው ግን ምን ማድረግ ይችል ነበርና ነው የታገሠው?

የሚገርመው እኛ ሳንነጋገር ነገር የማናደርግ ሰዎች መሆናችን ነው። ሰው ሲሞት የእድሩ ጥሩምባ ነፊ በሌሊት ተነሥቶ ሰፈሩን ይዞራል። ለሠርግ ጠሪ ይላካል፤ ያልተጠራ ይቀየማል። ባለፈው ጥር የደብራችን ታቦት ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ለመውረድ በዚህ መንገድ ማለፍ ስላልቻለ በሌላ በኩል መዞር ነበረበት። ካህናቱ ይህንን ሁለት እሑድ ቀድመው ከቅዳሴ በኋላ ለምእመኑ ተናገሩ። የከተራ ዕለት ሁሉም በየት በኩል እንደሚያጅብ ያውቅ ነበር፤ አንድም ሰው ግራ አልተጋባም። ታቦት መንገድ ሲቀይር አስቀድሞ የሚነገርበት ሰፈር ነው እንግዲህ ኤክስካቫተር ድንገት የገባበት።

ከተማዋም ብትሆን አዲስ አይደለችም ለማስታወቂያ። የነገሥታቱን ግቢ ከሚያስገቡት 12 በሮች አንዱ እስከ ዛሬ እምቢልታ በር ይባላል። አዋጅ ሲኖር ነጋሪት ይጎሰማል፤ ሕዝቡ ወጥቶ ይሰማል። ነጋሪት ደግሞ የፌሽታ ከበሮ ብቻ አልነበረም። ዘመቻውንም፣ ግብሩንም፣ ሹም ሽሩንም የሚናገረው እሱ ነው፤ ሰሚው የሚከፋበት አዋጅ ደስ ከሚሰኝበት ሳይበዛ አይቀርም። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሕግ የሚታተምበት ጋዜጣ ነጋሪት ተብሎ የተሰየመውም ለዚህ ነው፤ ሕዝብ ያልሰማው ሕግ አይያዝበትምና። በዘመናችን ነጋሪቱ የሚጎሰመው መቀስ ሲነሣ ብቻ ሆነ።

ሕጉም ቢሆን ማሳወቅን ያውቀዋል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም የሚወሰድበት ሰው በጽሑፍ ማስታወቂያ እንዲደርሰው ያዛል። መሬቱ ያልተነካበት፣ ነገር ግን ደጃፉ ለወራት የሚዘጋበት ሰው የመብራት ምሰሶ ላይ የተለጠፈች አንዲት ወረቀት ቢያገኝ ምን ይበዛበታል? ሥራው የሚጀመርበት ቀን፣ ያልቃል ተብሎ የታሰበበት ቀን፣ ለእግረኛ ክፍት የሚሆነው ወገን፣ ቅሬታ ያለው የሚደውልበት ስልክ። ከዚህ በላይ አልጠየቅሁም። ማንበብ ለማይችሉ ደግሞ ባጃጁ አለ፤ ያው ባጃጅ፣ ያው ሞንታርቦ።

ይህንን ሐሳብ ሥራው ላይ ለነበረ አንድ ባለሙያ አንሥቼለት ነበር። ሰውየው ቅን ሰው ነው፤ ክረምቱን ከሠራተኞቹ ጋር ጭቃ ውስጥ ሲማስን አይተነዋል። "ቀን ብንናገር ቀኑ ሲያልፍ ማን ይመልስልናል?" አለኝ። ሲሚንቶ እንደሚጠፋ፣ ዕቃ የጫነ መኪና በጸጥታው ምክንያት መንገድ ላይ እንደሚቀር፣ አንድ ቱቦ በመጠበቅ ሳምንታት እንደሚያልፉ ነገረኝ። ያለንበትን ጊዜ የማያውቅ የለምና አልተከራከርሁትም። ነገር ግን ያ ሁሉ ሰበብ ለእኛም ቢነገረን እንረዳው ነበር። ሠርግ እንኳ በሐዘን ምክንያት ሲራዘም ለታዳሚው ይነገራል፤ ተራዘመ ብሎ ሙሽራውን የሚከስ የለም። የሚፈራው፣ መሰለኝ፣ የቀኑ ማለፍ ሳይሆን በቀኑ መያዝ ነው። ያልተነገረ ቀን አያልፍም፤ ስለማያልፍም ማንም አይጠየቅበትም።

እኛስ? የራሳችንንም ልናገር። ለምረቃው መዋጮ በአራት ቀን ተሰብስቧል። ኮሚቴ ተመርጧል፤ ዳቦ ጋጋሪው፣ ጠላ ጠማቂው፣ ድንኳን ተካዩ ተመድቧል፤ መዝገብ ተይዟል። ያ ኮሚቴ ታኅሣሥ ላይ ቢቋቋምና ሦስት ሰው ሆኖ "ስንት ወር ነው? በየት በኩል እንሻገር?" ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ መልስ ሳያገኝ ይቀር ነበር? ጠዋት ጠዋት በየበራችን ቆመን ጉድጓዱን እያየን አጉረመረምን፤ ሄዶ የጠየቀ ግን የለም፤ እኔም ጭምር። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ እንደተባለው ነው። ለነገሩ ድስቱ ዶሮ ወጥ ነበረበትና ማንም አላለቀሰም።

ማምሻውን ድንኳኑ ሲነቀል ለወጉ ያህል ጥቂት አገዝሁና በታችኛው ሰፈር በኩል ዞሬ ወደ ቤቴ ሄድሁ። በዚያ ጥግ አንዲት ሱቅ አለች፤ ዘወትር ሻማና ስኳር የምገዛባት። ከሱቋ ፊት ለፊት አናቱ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ተተክሏል። አሥር እርምጃ አለፍ ብሎ ሌላ፤ ከዚያም ሌላ፤ እስከ ድልድዩ ድረስ። ባለሱቁን ምን እንደሆነ ጠየቅሁት።

"እኔ ምኑን አውቄ ጋሼ" አለኝ፤ "ትናንት ማታ መጥተው ተክለውት ሄዱ።"