ዋንጫ በምደባ ደብዳቤ

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ከሳሪስ ወደ ሜክሲኮ በሚኒባስ እየሄድኩ ነው። ሹፌሩ የኤፍኤም ስፖርት ፕሮግራም ከፍ አድርጎ ከፍቶታል። የተጋበዙት ተንታኝ ስለ ኳሳችን ውድቀት ያወራሉ። የተለመደ ወሬ ስለሆነ ብዙም ጆሮ አልሰጠሁትም። ድንገት ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሃምቡርግ ውስጥ ስለነበረ የጀርመን አየር ኃይል ቡድን አነሱ። ቡድኑ ጦርነት መሃል ሆኖ በሃምቡርግ ሊግ 18 ጨዋታ ተጫውቶ 18ቱንም አሸነፈ አሉ። 117 ጎል አግብቶ የተቆጠረበት 13 ብቻ ነው አሉ። እስከዚህ ድረስ ልክ ናቸው። ያበገነኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። ይህ ሁሉ የወታደራዊ ዲሲፕሊን ፍሬ ስለሆነ የኛም ተጫዋቾች ሁለት ዓመት ካምፕ ገብተው ቢታሹ ኳሳችን ይስተካከላል ብለው አረፉት። ረዳቱ ሳይቀር "እውነታቸውን ነው" አለ።

አይደለም!

እስቲ ዲሲፕሊን የምትለዋን እንያት። በዚያን ጊዜ የጀርመን ጦር ውስጥ ዲሲፕሊን ያልነበረው የትኛው ሰፈር ነው? ሁሉም ጎህ ሳይቀድ ይነሳል፣ ሁሉም ጫማውን ይወለውላል፣ ሁሉም ቀጥ ብሎ ሰላምታ ይሰጣል። ጫማ በመወልወል ጎል የሚገባ ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ ሻለቃ 117 ጎል ባገባ ነበር። ሃምቡርግን ከሌላው የለየው የስም ዝርዝሩ ነው። በረኛው ቪሊ ዩሪሰን ለብሔራዊ ቡድን የተጫወተ የኦበርሃውዘን ሰው ነው። ተከላካዩ ራይንሆልድ ሙንዘንበርግ በ1934ቱ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የዓለም ዋንጫ ሦስተኛ በወጣው የጀርመን ቡድን ውስጥ ነበር። አሰልጣኙ ካርል ሆገርም ቢሆን የብሔራዊ ቡድን ማልያ የለበሰ ነው። ሙንዘንበርግ የአኸን ሰው ነው፤ አኸን ደግሞ ቤልጂየም ድንበር ላይ ያለች ከተማ ናት። ታዲያ ሰሜን ጫፍ ሃምቡርግ ድረስ ምን ወሰደው? በ1942 መጨረሻ ገና የተቋቋመ ክለብ ፍቅር?

እዚህ ላይ አማርኛችን ራሱ ነገሩን ይናገራል። እኛ ዘንድ ተጫዋችም ይዛወራል፣ የመንግሥት ሠራተኛም ይዛወራል። ተጫዋች ሲዛወር ድርድር አለ፣ የፊርማ ብር አለ፣ እምቢ ማለትም አለ። ሠራተኛ ሲዛወር ግን ደብዳቤ ይደርሰዋል፦ "ከዛሬ ጀምሮ ተመድበው እንዲሠሩ"፣ ማኅተም፣ ግልባጭ ለሚመለከተው ክፍል። አለቀ። አባቴ እንዲህ ባለ ደብዳቤ ሦስት ከተማ ቀያይሯል። እናቴ ያሰረችውን ዕቃ ፈትታ ሳትጨርስ ሌላ ደብዳቤ ይመጣ ነበር። የወጥ ድስቷ በጋዜጣ እንደተጠቀለለ አንድ ክረምት ከርሟል።

የሃምቡርጉ የአየር ኃይል ቡድን ያገኘው ምሥጢር ይቺው ነች። ሌላው ክለብ የሚለምነውን እሱ በምደባ ያመጣል። የባሰው ደግሞ ሌላው ወገን ነው። ከተማው ውስጥ ያለው የሲቪል ክለብ አጥቂውን የሚያጣው በዚያው ዓይነት ደብዳቤ ነው፤ የሱ ግን ወደ ሩሲያ ግንባር ትላለች። አንዱ ቡድን በወረቀት ይሞላል፣ ሌላው በወረቀት ይራቆታል። ከዚያ ሜዳ ገብተው ይገጥማሉ። ውጤቱን ቆጥረን ዲሲፕሊን እንላለን!

ደግሞስ የተገጠመው ማን ነው? እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1943 የእንግሊዝና የአሜሪካ አውሮፕላኖች ሃምቡርግን አንድደዋታል። ከ30 ሺህ በላይ ሰው አልቋል። ያ የ18 ጨዋታ ውድድር የተካሄደው ከዚያ እሳት በኋላ ነው። የቀሩት ክለቦች በልጅ፣ በሽማግሌና በእንግዳ ተጫዋች አሥራ አንድ ሰው ይሞላሉ። ብቻቸውን መቆም ያቃታቸው የጀርመን ክለቦች ከትናንት ባላንጣቸው ጋር ተዋህደው በአንድ ማልያ ይጫወቱ ነበር። 117 ለ18 ሲካፈል ስድስት ተኩል ነው። በአንድ ጨዋታ ስድስት ጎል ተኩል! ቤቱ የተቃጠለበትን ሰው ስድስት ተኩል አግብቶበት በዲሲፕሊን ነው የሚል ካለ፣ ከሱ ጋር ኳስ አላወራም።

ሙሉ ቡድን ሲገጥመው ምን ሆነ? ይህን ተንታኙ ዘለሉት። በጥቅምት 1943 በጀርመን ዋንጫ ፍጻሜ የቪየናው ፈርስት ቪየና በጭማሪ ሰዓት 3 ለ 2 አሸነፈው። በሰኔ 1944 በርሊን ኦሎምፒክ ስታዲየም ላይ በሻምፒዮናው ፍጻሜ የድሬስደን ከተማ ክለብ 4 ለ 0 ሸኘው። ሁለት ፍጻሜ፣ ሁለት ሽንፈት። ለዚያውም ወደ በርሊን ያለፈው በግማሽ ፍጻሜ ግሮስ ቦርን የሚባል ሌላ የጦር ሰፈር ቡድን ጥሎ ነው። እዚያ የማን ዲሲፕሊን አሸነፈ ልንል ነው?

ድሬስደንም ንጹሕ አልነበረም የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ የከተማው የጦር አዛዥ የክለቡን ልጆች ከግንባር እያስቀረ እዚያው አጠገቡ ይመድባቸው ነበር። ይሄ ግን ለኔ ነው የሚመሰክረው። ሻምፒዮኑም ሁለተኛውም የተሠሩት በደብዳቤ ነው።

ይህ የጦርነት ጊዜ ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1949 የሃንጋሪ መከላከያ ሚኒስቴር የስመ ጥሩውን አጥቂ የፑሽካሽን የሰፈር ክለብ ኪሽፔሽትን ወስዶ ሆንቬድ አለው። ከዚያ ሌላውን አጥቂ ኮቺሽን ከፌሬንስቫሮሽ ክለብ በውትድርና ስም አመጡት። ምርጫው ሆንቬድ ወይም ድንበር ጥበቃ ነበር ይባላል። በምሥራቅ ጀርመን ደግሞ የጦሩ ክለብ ፎርቨርትስ ስድስት ጊዜ የሊግ ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ በ1971 ክለቡ ራሱ ደብዳቤ ደረሰው። ከበርሊን ተነቅሎ ፖላንድ ድንበር ላይ ወዳለችው ሌላዋ ፍራንክፈርት ተዛወረ። ከዚያ ወዲያ የሊግ ዋንጫ አላየም። በደብዳቤ የመጣ በደብዳቤ ሄደ።

አንድ ነገር ብቻ እሰጣቸዋለሁ፦ ተጫዋቾቹ ኳስ ይችሉ ነበር። እነሱን አልወቅስም። የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ ሴፕ ሄርበርገር ልጆቹን ከግንባር ለማራቅ ያላንኳኳው በር አልነበረም። ሄርማን ግራፍ የሚባለው ስመ ጥር አብራሪ የራሱን ቡድን ሲሰበስብ ፍሪትስ ቫልተርን ከእግረኛ ጦር አስወጥቶ አመጣው። ቫልተር በ1954 በአምበልነት የዓለም ዋንጫ አነሳ፤ የረታው ደግሞ የእነፑሽካሽን ሃንጋሪ ነው። ለነዚህ ሰዎች ቡድኑ መጠለያ ነበር። ጎል ካላገባህ ግንባር ትሄዳለህ የሚል ፍርሃት ያለበት ሰው ይሮጣል፣ እንዴት አይሮጥም! ተንታኙ ዲሲፕሊን ያሉት ነገር በኔ ቤት ስሙ ነፍስን ማዳን ነው። ይህንን ነው ለኛ ልጆች የሚመኙላቸው?

የመከላከያውን ክለብ መቻልን እንደነካሁ አድርጎ የሚጽፍልኝ አይጠፋም። አልነካሁም። መቻል ዛሬ ተጫዋች የሚያመጣው እንደ ማንኛውም ክለብ ተደራድሮና አስፈርሞ ነው። ወታደር ስለሆነ ሳይሆን ክለብ ስለሆነ ነው የምናየው።

ያ የሃምቡርግ ቡድን ከበርሊኑ ፍጻሜ በኋላ ጥቂት ወራት እንኳ በቅጡ አልቆየም። ጦርነቱ ሲበረታ እዚያው በነበረበት ፈረሰ። ተንታኙ በመጪው ሰኞ ከተመለሱ 117ቱን ሲጠሩ 4 ለ 0ንም ይጥሩልን። ያው ሚኒባስ ውስጥ ነኝ፣ እሰማለሁ።