ጅቡ ሳይሆን ቧንቧው ነበር

ኮሌጅ ገብቼ ሳይንስ ፊክሽን እንደምማር ለእናቴ በስልክ ስነግራት ዝም አለች። ቆይታ «እሱ ደግሞ ምንድነው?» አለች።

«ልብ ወለድ ነው እማ። ስለ ማርስ ሰዎች፣ ስለ ሮቦት።»

«ለዚህ ይከፈላል?»

ይከፈላል። ያውም በዶላር።

እኛ ድሬ ስንማር ደብተር ሥር ልብ ወለድ ደብቆ የተያዘ ልጅ ወላጅ አምጣ ይባል ነበር። እዚህ ፕሮፌሰሩ ስለ ማርስ ወራሪዎች ኮስተር ብለው ያስተምራሉ። ከሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን» (እ.ኤ.አ. 1818) ይነሱና በኤች ጂ ዌልስ የጊዜ መኪና (1895) አድርገው ዳርኮ ሱቪን የሚባል ሃያሲ ዘንድ ያደርሱናል። ሱቪን «ኖቨም» የሚላት ነገር አለች። እኛ ዓለም ውስጥ የሌለ፣ ታሪኩ ውስጥ ግን ያለ፣ በሳይንስ አስተሳሰብ ሊሆን የሚችል አዲስ ነገር ማለት ነው። የጊዜ መኪናዋ ኖቨም ናት። የጠንቋይ ድግምት አይቆጠርም። ወደድኳት።

ከዚያ «አንድ ኖቨም ያለው አጭር ታሪክ ጻፉ» ተባልን። እኔም ጻፍኩ። ሰውዬው ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ይኖራል። ጠዋት ቧንቧ ይከፍታል፣ ውሃ ይመጣል። ማታ ይከፍታል፣ ይመጣል። ወር ሙሉ! በርሜሉን ለጎረቤት ቢሰጥ ጎረቤቱም አልፈልግም አለው። ሳይንሱንም አልረሳሁም፤ በፀሐይ የሚሠራ ፓምፕ፣ ሲቀደድ ራሱን የሚጠግን ቧንቧ። ድሬ መቼም ፀሐይ አይቸግራትም። መሃል ላይ ሰውዬው ዘመድ ሊጠይቅ ሐረር ይወጣል። ማታ ከጀጎል ግንብ ውጭ ጅብ ሲያበሉ ቆሞ ያያል። ይቺን ለማጣፈጫ ነበር የከተትኳት።

ወረቀቴ ተመለሰ። ሲ ፕላስ። ጠርዙ ላይ «ኖቨምህ ድንቅ ነው! ከሰው አፍ ሥጋ የሚቀበል ጅብ! ግን እንዴት እንደሆነ አላብራራህም» ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ «የቧንቧው ክፍል ረዝሟል፤ ምንም ነገር አይከሰትበትም።»

ምንም ነገር አይከሰትበትም! ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የቧንቧ ትንፋሽ ሰምቶ በባዶ እግሩ ጀሪካን ይዞ ሮጦ የማያውቅ ሰው እንዲህ ቢል ምን ይፈረድበታል?

ቢሯቸው ሄጄ የጅቡን ቪዲዮ በስልኬ አሳየኋቸው። አፋቸውን ከፍተው አዩ። ከዚያ «ይሄ እውነት ከሆነ ታሪክህ ኖቨም የለውማ!» አሉኝ። ውጤቱን ጭራሽ ሳይቀንሱብኝ ስልኬን ይዤ ወጣሁ።

ለዕረፍት ድሬ ስመጣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ተቀምጠን ለጓደኞቼ ይህንኑ አወራኋቸው። ስለ ጅቡ ማንም ምንም አላለም። ቧንቧው ጋ ስደርስ ግን አንዱ አቋረጠኝ።

«አቦ አንተም አበዛኸው! በሳምንት ሁለት ቀን ብትል ምናለበት?»

ሲ ፕላሱ አሁንም ያንገበግበኛል።