አይቸኩሉም፣ ዕድሜ ይስጣቸው

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ይህን ተረት በአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች ዳር ላሉት ትንንሽ ከተሞች ማን እንደነገራቸው እንጃ፤ እንደነሱ በሥራ ያዋለው ግን የለም። ገበያው ከሞሎቻቸው ሲሄድ ዝም ብለው ይሸኙታል። ሄዶ ሲያልቅ ፕላን ያወጡለታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚል ምቀኛ አይጠፋም። እኔ ግን አደንቃቸዋለሁ።

ቨርጂኒያ ያላችሁ የአሌክሳንድሪያውን ላንድማርክ ሞል ታስታውሳላችሁ። በ1965 ነው የተከፈተው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ ናቸው)። ከተማዋ በ2009 ለአካባቢው ፕላን አጸደቀች። በ2013 ጣሪያውን ገልጦ እንደ አዲስ የሚሠራ ንድፍ ጸደቀ። በ2017 መጀመሪያ ሞሉ ተዘጋ። ዶዘር የገባው በ2022 ነው። እርጋታ ማለት ይሄ ነው!

እስከዚያ ሞሉ ሥራ አልፈታም። በ2018 ፊልም ሠሪዎች መጥተው የ1984 ሞል አስመስለው አስጌጡት። መብራቱ በራ፣ መስኮቱ በዕቃ ተሞላ፣ ሰው ተርመሰመሰ። ከስንት ዘመን በኋላ ገበያ ደራ። ሸማቾቹ ተከፋይ መሆናቸው ብቻ ነው ችግሩ። አሁን ቦታው ላይ ሆስፒታል እየተገነባ ነው። ለሞሉ ባይደርስለትም።

እዚያው አቅራቢያ፣ ስካይላይን አካባቢ፣ የኛ ሰው ባዶ ያገኘውን ሱቅ እንጀራ መሸጫና ጸጉር ቤት አድርጎታል። ያለ ጥናት! ያለ አማካሪ! ነውር ነው።

ሜሪላንድም አልተኛችም። ዋይት ፍሊንት የሚባለው ሞል በ2015 ተዘግቶ፣ ኋላም ፈርሶ ሜዳ ሆነ። ከዚያ የኢንተርኔት ነጋዴው አማዞን ሁለተኛ ዋና መሥሪያ ቤቴን የት ልትከል ብሎ ከተሞችን ሲያጫርት፣ ካውንቲው (የአካባቢው አስተዳደር) ይህንኑ ሜዳ ይዞ ቀረበ። ገዳይን ለተዝካር መጥራት እንዲህ ነው። አማዞን ይሉኝታ ይዞት መሰለኝ፣ በ2018 የቨርጂኒያዋን አርሊንግተንን መረጠ።

አዲሱ ፋሽን ደግሞ ከላይ አፓርታማ፣ ከታች ሱቅ ነው። ሰው ሁሉ ካልሲ እንኳ በስልኩ በሚያዝበት ዘመን፣ በየሕንፃው ሥር የግድ ሱቅ ይኑር ብሎ መደንገግ ልበ ሙሉነት ይጠይቃል። ከታች ያለውን መስታወት እዩት። «ለኪራይ» የሚለው ወረቀት ፀሐይ በልቶት ስልክ ቁጥሩ አይነበብም። ደንቡ ግን ተከብሯል።

ከሁሉ የምወደው የሕዝብ ስብሰባውን ነው። ለተናጋሪ ሦስት ደቂቃ ይሰጣል። አጀንዳው ሣር የበቀለበት፣ መኪና ካየ የቆየ የሞል ፓርኪንግ ነው። እዚያ ላይ ቤት ይሠራ ወይ ነው ጥያቄው። አንድ አባወራ ይነሣሉ፤ «መኪናችንን የት ልናቆም ነው?» ይላሉ። ጭብጨባው ይቀልጣል። ምክር ቤቱም ነገሩን በጥሞና ያዳምጥና የትራፊክ ጥናት ይደረግ ብሎ ለሚቀጥለው ዓመት ያሳድረዋል።