በ15 ግራም የሚሰቀለው ተሸካሚው ነው

ሲንጋፖር ማሌዥያዊውን ፓኒር ሴልቫምን ኦክቶበር 8 ቀን 2025 ሰቀለችው (እዚህ የምጠቅሳቸው ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በሴፕቴምበር 2014 ከማሌዥያ በሚያስገባው የዉድላንድስ ኬላ ላይ ሲያዝ የተገኘበት 51.84 ግራም ዲያሞርፊን፣ ማለትም ንጹሕ ሄሮይን፣ ነበር። በ2019 እና በ2025 መጀመሪያ ሁለት ጊዜ የስቅላት ቀን ተቆርጦለት በዋዜማው ታግዷል። በሦስተኛው አልታገደም። ከዚያ ወዲህ ስቅላቱን ለሚቃወም ሰው የሚደጋገመው መልስ ደግሞ ከስቅላቱ ባልተናነሰ ያንገበግባል፦ «ሕጉን እያወቀ ገባ፣ ሕጉ ለሁሉም እኩል ነው፣ የጎረቤት አገር ዜጋ ስለሆነ ብቻ ለምን ይማራል?» በ2019 የሲንጋፖር የሕግ ሚኒስትር የነበሩት ኬ. ሻንሙጋምም ለማሌዥያውያን ብቻ የተለየ አስተያየት ማድረግ የሕግ የበላይነትን መቀለጃ ያደርገዋል ብለው ነበር። ይኸው ዛሬም ሳይታኘክ ይዋጣል።

«እያወቀ ገባ» የሚለውን ላስቀድም፤ ከሁሉም የሳሳው እሱ ነውና። የሲንጋፖር የመግቢያ ካርድ ለዓመታት ዕፅ አዘዋዋሪ በሞት እንደሚቀጣ በቀይ ቀለም ያስጠነቅቅ ነበር። ካርዱ ግን ሕጉን እንጂ ቦርሳው ውስጥ ምን እንዳለ አይነግርም፤ ክርክሩ ያለው ደግሞ ቦርሳው ላይ ነው። በዕፅ ሕጉ አንቀጽ 17 መሠረት ከ2 ግራም በላይ ዲያሞርፊን የያዘ ሰው ለማዘዋወር እንደያዘው የሕግ ግምት ይወሰድበታል። በአንቀጽ 18 ደግሞ ዕፁ ያለበትን ዕቃ፣ የዕቃውን ቁልፍ ወይም የቤቱን ቁልፍ የያዘ ሰው ዕፁን ራሱን እንደያዘ ይቆጠራል፤ ዕፁን ከያዘ ደግሞ ምንነቱን ያውቃል ተብሎ ይገመታል። «አላውቅም ነበር» የሚል ሰው አለማወቁን የማስረዳት ሸክሙ የራሱ ነው። አለማወቅ በምን ይረጋገጣል? በደረሰኝ? በምስክር? ቦርሳውን የሰጠው ሰው ችሎት መጥቶ «እውነቱን ነው፣ አልነገርኩትም» አይልለትም። ስለዚህ «እያወቀ» የሚባለው በብዙ መዝገቦች የተረጋገጠ ነገር አይደለም፣ የተገመተ ነው። በግምት ሰው አይሰቀልም!

ግራሙን እንይ። ሞት የሚያመጣው የዲያሞርፊን መጠን ከ15 ግራም በላይ ሲሆን ነው፤ ኮኬይን ሲሆን ከ30፣ ሜታምፌታሚን ሲሆን ከ250፣ ካናቢስ ሲሆን ከ500 ግራም በላይ። የሚመዘነው ዱቄቱ ሳይሆን ላቦራቶሪ ከዱቄቱ ውስጥ ለይቶ የሚያሰላው ንጹሕ ዲያሞርፊን ነው። መንገድ ላይ የሚሸጥ ሄሮይን በሌላ ዱቄት የተበረዘ ነው። አንድ 450 ግራም የሚመዝን ጥቅል ውሰዱ። ንጽሕናው 3.3 በመቶ ከሆነ ውስጡ ያለው 14.85 ግራም ነው፣ ሰውየው ይኖራል። 3.4 በመቶ ከሆነ 15.3 ግራም ይሆናል፣ ይሞታል። ጥቅሉ ያው ነው፣ ጉዞው ያው ነው፣ ጥፋቱም ያው ነው። የበረዘው ሌላ ሰው፣ የጠቀለለው ሌላ ሰው፣ የተሸከመው ግን ሚዛንም ላቦራቶሪም አይቶ የማያውቅ ሰው። መስመሩ ምን ያህል እንደ ፈትል የቀጠነ መሆኑን ዓቃቤ ሕጉ ራሱ ያውቃል፤ ለማዳን ሲፈልግ «ከ14.99 ግራም ያላነሰ» ብሎ ይከሳል፣ ቅጣቱም ከ20 ዓመት እስራት ይጀምራል። ሳይፈልግ ሲቀር የላቦራቶሪውን ቁጥር እንዳለ ያስቀምጣል፣ ዳኛውም እጁ ይታሰራል።

«ሕጉ ለሁሉም እኩል ነው» የሚሉን ሰዎች ከዚህ ጋር አንቀጽ 33ለን ያንብቡልኝ። ከ2013 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ይህ ማሻሻያ ሁለት ነገር ለሚያሟላ ተከሳሽ በሞት ፈንታ ዕድሜ ልክ እስራትና ቢያንስ 15 ግርፋት እንዲፈረድበት ይፈቅዳል። አንደኛ፣ ሥራው ማመላለስ ብቻ መሆኑ ሲረጋገጥ። ሁለተኛ፣ የዕፅ ዝውውርን ለማክሸፍ ተጨባጭ እገዛ አድርጓል የሚል የምስክር ወረቀት ሲሰጠው። ወረቀቱን የሚሰጠው ማነው? ዳኛው አይደለም፣ ዓቃቤ ሕጉ ነው! ሞት የሚጠይቀው ወገን ራሱ ማን ከሞት እንደሚተርፍ ይወስናል። ውሳኔውን ፍርድ ቤት ሊመረምረው የሚችለው በክፋት ወይም በቅን ልቦና ጉድለት ተወስኗል ከተባለ ብቻ ነው፤ አንድ እስረኛ ደግሞ የዓቃቤ ሕግን ልብ ከፍቶ ሊያሳይ አይችልም።

ይህ ወረቀት የሚሠራው በማን ላይ እንደሆነ ለማየት የዝውውሩን ሰንሰለት ማወቅ ይበቃል። ላይኛው ገንዘቡን ያውቃል። ከሱ ሥር ያለው መጋዘኑንና ጠቅላዮቹን ያውቃል። መልማዩ የሚመለምላቸውን ሰዎች ያውቃል። ተሸካሚው የሚያውቀው አንድ የቅጽል ስምና አንድ የስልክ ቁጥር ነው፤ «ስትደርስ ሰው ይደውልልሃል» ተብሎ ነው የተላከው። ይህም ሆነ ተብሎ የተደረገ ነው፤ ቢያዝ የሚያጋልጠው እንዳይኖር። ተሸካሚው ከቀጠሮው አንድ ሰዓት ሲዘገይ ያ ስልክ ይዘጋል፣ ሲም ካርዱም ይጣላል። መርማሪው ኬላው ላይ ቃሉን ተቀብሎ እስኪጨርስ መረጃው ሞቷል። ከዚያ «እገዛህ ተጨባጭ ውጤት አላመጣም» ይባላል። የሚሸጥ መረጃ ያለው ሰው ሕይወቱን ይገዛል፤ ምንም የማያውቀው ባለማወቁ ይሰቀላል። ጥፋቱ የከበደው ይተርፋል፣ የቀለለው ይሞታል። እኩልነቱ የቱ ጋ ነው?

የታየ ነገር ነው የምናገረው። በ2013 ሁለት ሲንጋፖራውያን ጓደኛሞች በአንድ ላይ በያዙት አንድ ዓይነት ዕፅ፣ በአንድ መዝገብ፣ በአንድ ዳኛ ፊት ጥፋተኛ ተባሉ። አንደኛው ወረቀቱን አግኝቶ ዕድሜ ልክና 24 ግርፋት ተፈረደበት። ሁለተኛው ተከለከለ፤ ሜይ 19 ቀን 2017 ተሰቀለ። የዳነው፣ እኔን አትርፋችሁ እሱን ከገደላችሁት አብሬው ብሞት ይሻለኛል ብሎ ለዳኛው ተናግሮ ነበር። ፓኒርም ተሸካሚ ብቻ እንደነበር ፍርድ ቤቱ ራሱ ተቀብሏል። የጎደለው ያ ወረቀት ነበር።

የተሸካሚውን ዕድል የሚያጠበው ሌላም አለ፣ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት። ቃሉን የሚሰጠው ጠበቃ አጠገቡ ሳይኖር ነው። መከላከያህን አሁን ካልተናገርክ በኋላ ችሎት ላይ ብታነሳው ላትታመን ትችላለህ የሚል ማስጠንቀቂያ ይነበብለታል። በባዕድ አገር፣ ባልለመደው ቋንቋ፣ በድንጋጤ ውስጥ ያለ ሰው የተናገረውና ያልተናገረው ቃል ዓመታት ቆይቶ አንገቱ ላይ ይመጣል። የአገሩ መንግሥት ሊነቃ የሚገባው ያኔ ነው፤ የ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 36 ዜጋው ከጠየቀ ቆንስላው ሳይዘገይ እንዲነገረው የሚያዘው ለዚህ ነው። ኤምባሲ ቀኑ ከተቆረጠ በኋላ የምሕረት ደብዳቤ ቢጽፍ የተፈረደውን ፍርድ አይመልሰውም።

«ካልሰቀልን ዝውውሩ ይብሳል» ይባላል። ሄሮይን ቤተሰብ ያፈርሳል፣ አዘዋዋሪም ለረጅም ዓመታት ይታሰር፤ በዚህ አልከራከርም። ግን ገመዱን መፍራት ያለበት መልማዩ አይደለም እንዴ? እሱ ኬላ አያልፍም። የተሰቀለ ተሸካሚ ለመልማዩ ሥጋት ሳይሆን እረፍት ነው፤ ከእንግዲህ አይመሰክርበትም። ማሌዥያዊው ናጌንትራን ዳርማሊንጋም በ2009 ሲንጋፖር ውስጥ ጭኑ ላይ ታስሮ በተገኘ 42.72 ግራም ዲያሞርፊን ተይዞ፣ የአእምሮ ብቃት መለኪያው 69 መሆኑ በችሎት ተነግሮ፣ ኤፕሪል 27 ቀን 2022 ተሰቀለ። መልማዮች እንዲህ ያለውን ሰው የሚመርጡት ስለማይጠይቅ ነው፤ ሌላ ለማግኘት ደግሞ አንድ ሳምንት አይፈጅባቸውም።

ተቃራኒውን ኢንዶኔዥያ አሳይታናለች። ፊሊፒናዊቷ ሜሪ ጄን ቬሎሶ በ2010 ዮግያካርታ አውሮፕላን ማረፊያ 2.6 ኪሎ ሄሮይን በሻንጣዋ ተገኝቶባት ሞት ተፈረደባት። ኤፕሪል 29 ቀን 2015 ሌሎቹ ስምንት ፍርደኞች ሲረሸኑ እሷ በመጨረሻው ሰዓት ቀረች፤ መልምላታለች የተባለችው ሴት አገሯ ውስጥ እጇን ሰጥታ ነበርና። በ2019 የፊሊፒንስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እዚያው እስር ቤት ሆና በመልማዮቿ ላይ ቃሏን እንድትሰጥ ፈቀደ፤ በዲሴምበር 2024 ወደ አገሯ ተመለሰች። ያን ሌሊት ተረሽና ቢሆን ኖሮ ቃል የሚቀበሉት ከማን ነበር?

«ማሌዥያ ራሷ ትሰቅል የለም ወይ» የሚለው ነቀፋ ድሮ እውነት ነበር፤ የሷም ሕግ በ15 ግራም ሄሮይን ገመድ ያዝዝ ነበር። ከጁላይ 2023 ወዲህ ግን ዳኛው የመምረጥ ሥልጣን አግኝቷል፣ በሞት ፈንታ እስራት ሊወስን ይችላል። ቬትናምም በጁን 2025 ዕፅ በማጓጓዝ ብቻ ሞት እንዳይፈረድ አድርጋለች። በሌላው ጫፍ ሳዑዲ ዓረቢያ አለች፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል እንዳወጣው ከጃንዋሪ 2014 እስከ ጁን 2025 ከዕፅ ጋር በተያያዘ 597 ሰዎችን ስትገድል ከአራቱ ሦስት ያህሉ የውጭ ዜጎች ናቸው፣ ኢትዮጵያውያንና ሶማሊያውያንም አሉበት። እዚያም ሰይፍ የሚያርፈው ድንበር ተሻግሮ በተያዘ ድሃ ላይ ነው።

ሲንጋፖር ሉዓላዊነቷን አትነካኩብኝ ካለች አንቀጽ 33ለን ራሷ ትንካው። ተሸካሚ መሆኑ በፍርድ ቤት የተረጋገጠ ሰው ላይ የዓቃቤ ሕጉ ወረቀት ይቅር፣ ቅጣቱን ዳኛው ይወስን። አንድ ዓረፍተ ነገር መሰረዝ ነው። ያ ዓረፍተ ነገር በጊዜው ተሰርዞ ቢሆን ኖሮ የፓኒርን መዝገብ የያዘው ዳኛ ዕድሜ ልክ እስራት የመፍረድ ሥልጣን ነበረው።