ማን ጠየቀንና ነው የተስማማነው?

ባለፈው ሳምንት እዚሁ አዳማ አንድ ውይይት ላይ ተገኝቼ ነበር። የተነሳው ጉዳይ ኤሌክትሪክን በትልልቅ ባትሪ ስለማጠራቀም ነው። ሌሊት ሰው ተኝቶ ንፋሱ ሲያይል የመነጨውን ይዞ ማቆየት፣ በማግስቱ ማታ ሁሉም ምጣዱን ሲጥድ መልቀቅ። ሐሳቡን ወደድኩት። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2023 ዉስተር ከተማ አጠገብ 20 ሜጋዋት የሚሰጥ እንዲህ ያለ ጣቢያ በመንግሥት ኩባንያዋ በኩል አስመርቃለች። ወደ እኛም መምጣቱ አይቀርም።

ከዚያ አንዱ ተናጋሪ ፎቶ አሳዩ። የውጭ አገር ሰዎች "ባትሪው ሰፈራችን አይተከልም" ብለው ተሰልፈዋል። ሰውየውም "እነሱ በተቃውሞ ዓመታት ያባክናሉ። እኛ ጋ ግን ደግነቱ እንዲህ ያለ ችግር የለም። በሕዝብ ገንዘብ የሚሠራ ከሆነ ሕዝቡ ደስ ብሎት ይቀበላል" አሉ። ግማሹ አዳራሽ አጨበጨበ።

እኔ አላጨበጨብኩም። ያቺ "ደግነቱ" የምትል ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም።

ማን መጥቶ ጠየቀንና ነው ደስ ብሏችሁ ተቀበላችሁ የምንባለው? "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" እየተባለ ያደገ ሕዝብ ዝም ሲል ተስማማ ተብሎ ይጻፍበታል? ሰው ዝም የሚለው ተናግሮ ምን እንደሚገጥመው ስለማያውቅ ነው። ወይም ተናግሮም የሚሰማው እንደሌለ ስላወቀ። ይሄን እንደ ጸጋ ቆጥሮ መድረክ ላይ መናገር ነውር ነው።

ተናጋሪው አንድ ነገር ጨመሩ። እነዚያ ሰዎች የሚቃወሙት ቴክኖሎጂው ስላልገባቸው ነው አሉ። ይሄ ፈጽሞ አይያዝላቸውም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሞስ ላንዲንግ የሚባል ቦታ አለ። 300 ሜጋዋት የሚሰጥ ባትሪ በአንድ አሮጌ የኃይል ማመንጫ ሕንፃ ውስጥ ታጭቆ ነበር። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 16 ቀን 2025 ተቀጣጠለ። ከ1,000 በላይ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ፣ አውራ ጎዳናው ተዘጋ። በቀጣዩ ወር እዚያው እንደገና እሳት ተነሳ። እዚያው ግቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2022ም ባትሪዎች ግለው ተበላሽተው ነበር። እና የማይገባው ማነው? ሁለት ማስጠንቀቂያ አይቶ የፈራው ጎረቤት ነው ወይስ አይቶ ዝም ያለው?

አሪዞና ውስጥ ደግሞ 2 ሜጋዋት ብቻ የሆነች ትንሽ ጣቢያ ነበረች። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2019 ጭስ ታየባት። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደረሱ፣ ለሰዓታት ጠበቁ፣ ከዚያ በሩን ሲከፍቱት የታመቀው ጋዝ ፈነዳ። አራቱ ክፉኛ ተጎዱ። እነዚህ አደገኛ ኬሚካል ላይ የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። ባትሪው በውስጡ ሴል ከሚባሉ ብዙ ትንንሽ ክፍሎች የተሠራ ነው፤ አንዱ ሲግል አጠገቡ ያለውን ያግላል፣ ያም ሌላውን፤ ውሃ ቢደፋበትም ጠፋ ሲሉት መልሶ ይነሳል። እኛ አዳራሽ ውስጥ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ "እሳቱን ማን ያጠፋዋል?" ብሎ ጠየቀ። ሰዓት አልቋል ተባለ።

እሺ፣ አሁን የሚተከሉት ይሻላሉ። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው የባትሪ ዓይነት በቀላሉ አይቀጣጠልም፣ ኮንቴይነሮቹም ሜዳ ላይ ተራርቀው ይቀመጣሉ። ግን ማን አራራቃቸው? ያ የተሰለፈው ሕዝብም ድርሻ ያለው ይመስለኛል። የሚጮህ ባይኖር ኖሮ ዛሬም አንድ ጣሪያ ሥር ይታጨቁ ይሆን ነበር።

ከሁሉም በላይ ያናደደኝ ግን ይሄ ነገር አዳማ ላይ መነገሩ ነው። የቆቃ ግድብ እኮ እዚሁ ነው!

ግድብም ባትሪ ነው። የክረምቱን ውሃ ይዞ ለበጋ ያቆያል። ቆቃ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ የኃይል ማጠራቀሚያ ነው። ገንዘቡ ደግሞ ተራ ገንዘብ አልነበረም። ጣሊያን ለፈጸመችው ወረራ የከፈለችው የጦርነት ካሳ ነው። አያቶቻችን የሞቱበት ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ግድቡ ሥራ ጀመረ። 43.2 ሜጋዋት፣ በኋላም ከሥሩ አዋሽ 2 እና አዋሽ 3 የሚባሉ ማመንጫዎች ተጨመሩ፣ 32፣ 32 ሜጋዋት። የአገር ኩራት ሆነ። አልክድም።

በዚያ ሜዳ ላይ የሚያርሰውና ከብት የሚያሰማራው ሰው ግን ውሃው መጣበት እንጂ ማንም አልጠየቀውም። ያኔም ተቃውሞ አልተሰማም። ጭሰኛ ምን አፍ ነበረው? የዛሬው ተናጋሪ ያኔ ቢኖሩ "ደግነቱ" ይሉ ነበር። ከዚያስ? እ.ኤ.አ. በ1965 አገራችን ውስጥ እምቦጭ መጀመሪያ የታየው ቆቃ ላይ ነው። ጣና ላይ ሲደርስ ነው አገር የጮኸው። ከላይ የሚሸረሸረው አፈር በየዓመቱ እየወረደ ሐይቁን ይሞላዋል። የሞጆ ፋብሪካዎች ፍሳሽ በሞጆ ወንዝ በኩል እዚያው ይገባል። ውሃው አረንጓዴ ቀለም ሲይዝ አይቻለሁ። ሰው ከዚያ ይቀዳል፣ ከብቱም ከዚያ ይጠጣል። እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ መኪና አቁመን ዓሣ የምንበላበት መንገድ ዳር፣ ጄሪካን ያዘለች ሴት ታልፋለች። ከመሠራቱ በፊት "ከ30 ዓመት በኋላ ይሄን ውሃ ማን ይጠብቀዋል?" ብሎ የጠየቀ አንድ ገበሬ ተሰምቶ ቢሆን ቆቃ ዛሬ ሌላ ቆቃ ነበር። እኔ በዚህ አልጠራጠርም።

ባትሪም እንዲሁ ነው። ሲተከል ሪባን ይቆረጣል። ዕድሜው ሲያልቅ የት ይጣላል? የአዳማ ክረምት ጎርፍ ከተራራው በየት በኩል እንደሚወርድ የሚያውቀው የሰፈሩ ሰው ነው። የትኛው ሜዳ ሐምሌ ላይ ውሃ እንደሚተኛበት በካርታ አይታይም፣ እናቶች ግን ያውቁታል።

ገንዘቡስ? የአዳማ አንድና ሁለት የንፋስ ማመንጫ 136 ተርባይኖች፣ 204 ሜጋዋት፣ ወጪያቸው በአብዛኛው የቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ነው። ብድር ይከፈላል። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ ሲጨምር ጓዳዬ ድረስ ገብቶ አይቼዋለሁ። ከፋይ ስሆን ሕዝብ ነኝ፣ ስጠይቅ ግን እንቅፋት ልባል?

ንፋሱን ከነአቧራው የምንኖርበት እኛ ነን። ባትሪ አይምጣ አላልኩም፣ ይምጣ። ቀጣዩ ውይይት ግን ሆቴል አዳራሽ ውስጥ በእንግሊዝኛ ስላይድ አይሁን። ቆቃ ይሁን፣ በኦሮምኛና በአማርኛ ይሁን፣ ጨረታው ከመውጣቱ በፊት ይሁን። ማይክሮፎኑ መጀመሪያ ለውሃው ዳር ሰዎች ይሰጥ። ያን ልጅም ይጥሩት፣ ጥያቄው ገና አልተመለሰለትም።