ማስተካከያ፦ ጥንታዊውን የሕንድ ቋንቋ ሳንስክሪትን ያጠና የመጀመሪያው ሙስሊም ዳራ ሺኮህ አይደለም

ባለፈው ሳምንት በ17ኛው ክፍለ ዘመን ስለኖረው የሕንድ ሙስሊም ልዑል ዳራ ሺኮህ ስጽፍ ሁለት ስህተት ሠርቻለሁ። አንባቢዎቼን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አንደኛው ቶሎ የሚታረም ነው። የሕንዱ ንጉሠ ነገሥት የአክባር ልጅ ብዬው ነበር። አባቱ ታጅ ማሃልን ያሠራው ሻህ ጀሃን ነው፤ አክባር ቅድመ አያቱ ነው።

ሁለተኛው ግን ከንክኖኛል። «ሳንስክሪት ተምሮ የሂንዱዎችን እምነት ለመረዳት የሞከረ የመጀመሪያው ሙስሊም» ብዬ ነበር። ልክ አይደለም። ከእሱ 600 ዓመት ገደማ ቀድሞ አል-ቢሩኒ ነበር። በ973 እ.ኤ.አ. በመካከለኛው እስያ፣ በኽዋሪዝም የተወለደው ይህ ሊቅ ሳንስክሪትን የተማረው ጎልማሳ ከሆነ በኋላ ነው። የጥንቱን ሕንዳዊ ሊቅ የፓታንጃሊን የዮጋ መጽሐፍ ወደ ዐረብኛ መልሷል። በ1030 አካባቢ ስለ ሕንድ በጻፈው ትልቅ መጽሐፍ ደግሞ የሂንዱዎችን እምነት ራሳቸው በሚያስረዱት መንገድ አቀረበ። ለመከራከር ሳይሆን ለማስረዳት ነበር የጻፈው። ያውም የጋዝናው ሱልጣን ማህሙድ ሕንድን በተደጋጋሚ በወረረበት ዘመን! ይህን ሰው መዝለሌ በጣም ቆጭቶኛል።

ስለ ዳራ የጻፍኩት ቀሪው እንዳለ ነው። በ1657 ከሂንዱዎች ቅዱስ ከተማ ከባናራስ ሊቃውንት ጋር ሆኖ 50 ያህል ኡፓኒሻዶችን (የሂንዱዎችን ጥንታዊ ቅዱሳት ጽሑፎች) ወደ ፋርስኛ መለሰ። በ1659 ወንድሙ አውራንግዜብ አስገደለው፤ ከሃይማኖት ወጥቷል የሚል ክስም ቀርቦበት ነበር። ያ የፋርስኛ ትርጉም ግን ከ140 ዓመት በላይ ቆይቶ ወደ ላቲን ተመለሰ። ብዙ አውሮፓውያን ኡፓኒሻዶችን መጀመሪያ ያነበቡት በዚያ በኩል ነው።