እርማት፦ ላሚኔት ፎቶግራፍን አያድንም

ወንድሜ፣ የአያቶችዎን ትልልቅ የሰርግ ፎቶግራፎች ለማቆየት መጨነቅዎ ደስ ያሰኛል። «ላሚኔት ያስደርጉት (በፕላስቲክ ያሳሽጉት)፣ ለልጅ ልጅ ይተርፋል» የሚለው ምክርዎ ግን መታረም አለበት። ድሬዳዋ ውስጥ ብዙዎቻችን ያመንነው ስሕተት ነው፤ እኔም የእናቴን ትልቅ ፎቶግራፍ ያበላሸሁት በዚሁ ነው።

የድሮ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ምስሉ ያለው ጄላቲን በሚባል ሙጫ መሰል ነገር በተሠራ ስስ ሽፋን ውስጥ ነው። ጄላቲን እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከነካው ነገር ጋር ይጣበቃል። ላሚኔት ደግሞ በሙቀትና በሙጫ ስለሚለጠፍ፣ አንዴ ከተሠራ በኋላ ምስሉን ሳይጎዱ ማላቀቅ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ፒቪሲ የተባለው ፕላስቲክም ሲያረጅ አሲድ ያወጣል። ፕላስቲክ የግድ ካስፈለገ ፖሊስተር ወይም ፖሊፕሮፒሊን ይሁን።

ትልልቆቹን ጠቅልለው አያቁሟቸው፤ ሲዘረጉ ይሰነጠቃሉ። ከፎቶግራፉ ሰፋ ባለ ጠንካራ ሣጥን ውስጥ፣ በየመካከላቸው አሲድ የሌለው ወረቀት አድርገው በጀርባቸው ያስተኟቸው፤ ትልቁ ከታች፣ ትንሹ ከላይ። የሰዎቹን ስም በጀርባው ጠርዝ ላይ በለስላሳ እርሳስ፣ ሳይጫኑ ይጻፉ። አያቶቹን የሚያውቅ ሰው በሕይወት ሳለ ይህን አያዘግዩ።

የከተማችን ሙቀት ቀለምን ቶሎ ያደበዝዛል፤ ስለዚህ የፎቶግራፎቹ ሣጥን በቆርቆሮው ጣሪያ ሥር፣ ቁም ሣጥን አናት ላይ አይሁን። ወለል ላይም አይሁን፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ያደረሰውን የምናስታውስ ሰዎች ነን።